በሁዳዴ ዶሮ የቀቀልኩለት ድመት

ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ልኮራ ነው፤ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ካስተማርኳቸው ልጆች መሐንዲስ የሆነ አለ፣ ሐኪም የሆነች አለች፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ቲቸር!» ብለው አንገቴ ላይ ይጠመጠማሉ። ደስ ይለኛል። አንድ ወንድ ድመት በሰላም እንዲሸና በማድረጌ የሚሰማኝን ኩራት ያህል ግን አይሆንም። የሚስቅ ይሳቅ፤ ስቆ ሲጨርስ ያንብብ።

ቤታችን የካ ነው፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፤ ታክሲው ከሚያቆምበት ሩብ ሰዓት ሽቅብ በእግር። እኔ ለምጄዋለሁ፤ እንግዳ ግን በራችን ላይ ሲደርስ ሰላም ከማለቱ በፊት ይቀመጣል። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ እላታለሁ። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረን፣ ልጆቻችንን ድረን፣ እዚያ ዳገት ላይ እየተጨቃጨቅን በፍቅር እንኖራለን።

እትዬ በጾም ቀልድ አታውቅም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል የፍስክ ድስቶቹን አጥባ፣ አድርቃ፣ ትቆልፍባቸዋለች። ሃምሳ አምስቱ ቀን እስኪያልቅ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፤ የሥጋ ሽታ ደጃፋችንን አያልፍም። እኔም ብሆን የዋዛ ጾመኛ አይደለሁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ግን እሷ ዘንድ ስደርስ ገና ጀማሪ ነኝ።

ድመቱን የሰጠችን ከካራ ወተት የምታመጣልን ሴት ናት፤ አይጥ ስላስቸገረን። ነጭ ነው፣ ጀርባው ላይ ቡናማ ጣል ጣል ያለበት፣ ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ። ስም አላወጣንለትም፤ ድመት ውሮ ነው፣ አለቀ። በፍስኩ ወራት ወተቱን ይልሳል፣ የሥጋ ትራፊ በመረቅ ይበላል። አይጦቹ ገና ጠረኑን ሲያሸቱ አገር ጥለው ጠፉ።

አምና ሁዳዴ ሲገባ እትዬ «ለሱ ተብሎ በዚህ ቤት ወተት አይገባም» አለች።

«ምን ይብላ ታዲያ?»

«የነነዌ እንስሶች እንኳ ጾመው የለም እንዴ?»

ወርጄ ከሱፐርማርኬት ደረቅ የድመት ምግብ ገዛሁ፤ ቆሎ የሚመስል፣ በከረጢት የታሸገ። እትዬ እፍኝ ዘግና አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ «ይሄማ ቆሎ ነው፤ ይብላ» ብላ ፈቀደች። ውሮም ቀረጣጠመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ሦስት ጾመኞች ሆንን።

ዝም ብል ምን ነበረበት! አልችልማ። የማኅበር ዕለት፣ ያ ሁሉ ሴት በተሰበሰበበት፣ «የኔ ድመት ሁዳዴን ይጾማል» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብላ ተረተችብኝ። «የኔው ረስቷል! መጥተሽ እዪው» አልኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባገኘሁት ሰው ፊት ሁሉ ይህንኑ አወራሁ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

በሦስተኛው ሳምንት ውሮ አመሉ ተለወጠ። በረንዳው ላይ አሸዋ የሞላ ሳፋ አለው፤ የሚጸዳዳው እዚያ ነው። ያን ቀን ገባ፣ ቁጢጥ አለ፣ አማጠ፣ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ገባ። እንደገና አማጠ፣ ምንም የለም። «ሆዱ ደርቆበት ነው» አለች እትዬ። እኔም ያለጥርጥር ተቀበልኩ፤ ቆሎ ሲበላ የከረመ ሆድ ቢደርቅ ምን ይገርማል? ተልባ ወቀጠች፣ በጠበጠች፣ እኔ አፉን ያዝኩ፣ እሷ በማንኪያ ጋተችው። ሁለት አሮጊቶች ሐኪም ሆነን ቁጭ!

በማግስቱ ጠዋት አልጋ ሥር ተኮራምቶ አገኘሁት። አስታወከ። ሆዱን ስነካው እንደ ሰው አቃሰተና ነከሰኝ። በሕይወቱ ነክሶኝ አያውቅም። ዘንቢል ውስጥ አስገብቼ፣ ነጠላዬን አልብሼ፣ ዳገቱን እየሮጥኩ ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ሲጮህ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዘንቢሉን አየት አድርገው «በሁዳዴ ዶሮ ይዘው ወዴት ነው እመቤቴ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ድመት ነው፤ እየሞተብኝ ነው» ስላቸው ሳቁ ቆመ፤ ሰውዬውም እስክወርድ ድረስ ዘንቢሉን ጉልበታቸው ላይ ያዙልኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል። ሆዱን ዳበስ ስታደርግ ፊቷ ተለወጠ።

«ሽንት ከሸና ስንት ቀኑ ነው እናቴ?»

«ሽንት? ሆዱ ነው እንጂ የደረቀው። ተልባ ሰጥተነዋል።»

«ሆዱ አይደለም። ሽንቱ ነው የታገደው። እጅዎን ያምጡ።» እጄን ይዛ ከሆዱ ሥር አስነካችኝ። እንደ ብርቱካን የተወጠረ ነገር ነው። «ፊኛው ነው። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው በጣም ቀጭን ነው፤ በሽንት ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ሲሠራ ይደፈናል። ነገ ቢያመጡት ኖሮ በሕይወት አይደርስም ነበር።»

ከዚያ ጓንቷን እያጠለቀች «ምንድን ነው የሚመገበው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይጾማል» አልኩ። ድምፄ ራሱ ኮራ ብሎ ነው የወጣው፤ አመል ነዋ!

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ፣ ድመት እንደኛ ውሃ አንስቶ አይጠጣም፤ ውሃውን የሚያገኘው ከሚበላው ነው። እርጥቡን ከልክለው ደረቅ ብቻ ሲሰጡት ሽንቱ ይወፍራል። እሱ አልጾመም፤ ውሃ ነው የተጠማው።»

ቢወጉኝ ደም አይወጣኝም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጥያቄውን ሳታነቢ መልስ አትጻፊ» እያልኩ የሰው ልጅ ሳሳቅቅ ኖሬ፣ እኔው ሳላነብ ጽፌ፣ መልሴንም በአደባባይ ሳውጅ ከርሜ! ውሮን አደንዝዛ ቀጭን ቱቦ አስገብታ ሽንቱን አወጣችለት፤ ሦስት ቀን እዚያው ይቆይ አለች። ባዶ ዘንቢል ይዤ ዳገቱን ስወጣ አለቀስኩ። ያየኝ ሰው ለቅሶ የሰማሁ መስሎት «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ልወስደው ስሄድ ሐኪሟ ትእዛዟን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ደረቁ ምግብ ይቅር፤ ወተትም ይቅር፣ ለሆዱ አይስማማውም። ዶሮ ተቀቅሎ፣ ከነልቡ፣ ከነመረቁ፤ ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ፣ ቅመም የለ። ሥጋ ብቻውን ስለማይበቃው የሚደባለቅ ዱቄት ሰጠችኝ። ውሃ ቤት ውስጥ በየቦታው ይቀመጥለት። ሳፋው በየቀኑ ይጽዳ፤ ድመቱ አይረበሽ። «ይህ ነገር ይመለሳል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት» አለችኝ። «ሳፋው ላይ ተቀምጦ ምንም ካልወጣው አይጠብቁ። ሁለተኛ ታግዶ ከዘገየ ላላተርፈው እችላለሁ።»

ሁዳዴ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ይቀር ነበር። ያንን ሁሉ ቀን እየቆጠርኩ ድመቱን በሕይወት ማድረስ አለብኝ፤ ያውም ሥጋ በማይገባበት ቤት።

«ዶሮ?» አለች እትዬ። «በሁዳዴ? በዚህ ቤት?»

«በረንዳ ላይ ነው የምቀቅለው። ድስትም የራሴን ገዝቻለሁ። ያንቺን ዕቃ አልነካም።»

«የነነዌ እንስሶች...»

«የነነዌው ሦስት ቀን ነው እትዬ! ይሄ ሃምሳ አምስት ነው። እስቲ ቀንሺውና ንገሪኝ!»

አልቀነሰችም። መቀነስ አቅቷት አይደለም። በለሆሳስ «ሽንኩርቱንስ ስንት ትከትፊለታለሽ?» አለች።

«ሽንኩርት አይገባበትም። ጨውም አይገባበትም።»

«ያለ ሽንኩርት!» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ኧረ በስመ አብ! ይሄማ ለዶሮዋም ግፍ ነው!»

ዶሮውን ማግኘቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የሰፈራችን ልኳንዳዎች ሁሉ ዘግተዋል። ዶሮ ከነነፍሷ ገዝቼ ላሳርድ ብል በሁዳዴ ቢላ የሚያነሳልኝ ወንድ ከየት ይመጣል? እኔ ሴት ነኝ፣ አላርድም። ደግነቱ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሱፐርማርኬት ፍሪጅ ውስጥ የበረደ ዶሮ አለ። የመጀመሪያ ቀን ገዝቼ ፌስታሉን ከጎመን ሥር ደበቅኩት። ዳገቱን አጋምሼ ሳርፍ ግን በራሴ ተናደድኩ። የሰረቅኩት አለ? የበላሁት አለ? አወጣሁና በግልጽ በእጄ አንጠልጥዬ ቀጠልኩ።

ማን ያየኛል ብትሉ፣ ግቢያችንን የምትጋራው ጎረቤታችን። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምላሷ ግን ከእግሯ ይፈጥናል።

«ቲቸር፣ ዶሮ ነው እንዴ የያዙት?»

«ነው።»

«ለማን?»

«ለድመቴ።»

አማተበች። ሳይመሽ «ቲቸር ጾም ገደፉ፤ በድመት አሳበቡ» የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏታል ይህቺን ናት! እኔ ራሴ ረቡዕ ቀን ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዛ አግኝቻት «የጾም ወተት ነው ቲቸር» ብላኛለች። አምኜ አልፌያታለሁ። እኔን ግን ማን ይመነኝ?

ያም ሆኖ ልቤን ከበደኝና የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ከሥሩ አጫወትኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «አንቺ ቀመስሽ?» አሉኝ።

«ጣቴን እንኳ አልላስኩም አባቴ።»

«እንግዲያስ ምን ያስጨንቅሻል? ያሳመማችሁት እናንተ፤ አስታምሙት እናንተ። አብዪው!»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ አልተገኘም። በየማለዳው በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላለሁ፤ ዶሮዬን እጥዳለሁ። መረቁ ሲንተከተክ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። እኔ ደግሞ ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ሥጋውን በጣቴ እየቦጨቅኩ፣ ዱቄቱን እየነሰነስኩ፣ መረቁን እየጨመርኩ ለብ ሲል አቀርብለታለሁ፤ ጣቴን በሳሙና ታጥቤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ። እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ሁዳዴ አጥብቄ የጾምኩት ጾም የለም። ዶሮ ሳያሸቱ መጾም ምን አለበት? ማንም ይጾመዋል!

የሳፋውን ነገር ደግሞ እንደ ትምህርት ያዝኩት። አሸዋው በሽንት ሲርስ ይጓጉላል፤ እኔ በወንፊት አጣራዋለሁ። ጓሉ ሎሚ ካከለ ደግ ቀን ነው። ኮክ ሲያህል ደስታ ነው። እንደ ሽምብራ ከደቀቀ መረቅ ይጨመራል፣ ውሃው ይለወጣል፣ እኔም ከቤት አልወጣም። ሦስት የውሃ ጎድጓዳ ሳህን በየክፍሉ አስቀመጥኩ፤ ከምግቡ ራቅ ሲል የበለጠ እንደሚጠጣ ያወቅኩት በራሴ ነው፣ ማንም አልነገረኝም። ሐኪሟ ራሷ ለምርመራ ስወስደው «ቲቸር፣ ጎበዝ!» አለችኝ። በሕይወቴ ስንት ወረቀት ላይ «ጎበዝ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለኔ ሲባል ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

እትዬ በነዚያ ሳምንታት ስለ ዶሮው ትንፍሽ አላለችም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በበረንዳው ታልፋለች። አንድ ቀን ግን ዝናብ ድንገት ሲመጣ፣ ከጓሮ እየሮጥኩ ስደርስ ከሰል ማንደጃውን ከነድስቱ ወደ ውስጥ አስገብታ አገኘኋት። «ከሰሉ እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን ለፋሲካ በግ ገዝታ እኛ በረንዳ አጠገብ አሰረችው። በጉ አንድ አፍታ እንኳ አላረፈም፤ ይጮሃል። ውሮ ጆሮውን አጣጥፎ አልጋ ሥር ገባ።

ዓርብ፣ የስቅለት ዕለት፣ እኔና እትዬ ነጭ ለብሰን ለመውጣት ተነሥተን ሳለ ውሮ ወደ ሳፋው ሄደ። ቁጢጥ አለ። በጉ ሲጮህ ዘሎ ሸሸ። ሁለተኛ ሄደ፤ ቁጢጥ አለ፤ ምንም። ወንፊቱን ይዤ አሸዋውን ስፈትሽ ከትናንት ቀትር ወዲህ አንዲት ሽምብራ እንኳ የለችበትም። ስልክ ደወልኩ። ሐኪሟ አነሣች፣ እግዜር ይስጣት።

«ፊኛውን ይዳብሱት። ድንጋይ ሆኗል?»

«ሞላ ብሏል፤ ግን ይለሰልሳል።»

«ገና ነው ማለት ነው። ሲጨነቅም ይይዘዋል። ሳፋውን ጸጥ ያለ ቦታ ያድርጉለት፣ መረቅ ይስጡት። እስከ አምስት ሰዓት ካልሸና በዓልም ቢሆን ይዘውት ይምጡ፤ እከፍትልዎታለሁ።»

ነጠላዬን አወለቅኩ። ነፍስ ካወቅኩ ስቅለትን ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አላውቅም። «ሂጂ እትዬ» አልኳት። «እኔ አልሄድም።»

በሩ ላይ ቆመች። ደወል ከታች ይሰማል፤ ሰው በዳገቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ይወርዳል። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ጫማዋን አወለቀች። «ሳፋውን ወደኔ ክፍል አስገቢው» አለች።

የእሷ ክፍል ከኋላ ነው፣ በባሕር ዛፉ በኩል፤ የበጉ ድምፅ አይደርስበትም። ግን የጸሎት ቦታዋ ነው፤ እኔ ራሴ ጫማ አውልቄ ነው የምገባው። የድመት ሳፋ ስታስገባበት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለች፤ እትዬ መጋረጃዋን በቀስታ ሳበችና «ይቅር በይን እናቴ፣ ነገሩ ቸግሮን ነው» አለቻት። መረቁን አሙቄ ሳመጣ ከእጄ ተቀበለችኝ። ከሐሙስ ጀምሮ አክፍላ እህል ውሃ በአፏ ያልዞረ ሴት፣ በዕለተ ስቅለት የዶሮ መረቅ በሁለት እጇ ይዛ ድመት ፊት ተንበረከከች። ውሮ አሸተተ። ላሰ።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። «ስግደቱን እዚሁ እናድርሰው» አለች እትዬ። ጀመርን። በዚያ በታመመ ጉልበቷ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፤ እኔም ከኋላዋ። «አቤቱ ማረን» ስንል ውሮ በግድግዳው ጥግ ለጥግ ይሄዳል። አንዱን መቶ ሳንጨርስ ትንፋሼ ሊያልቅ ደረሰ። ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ተኩል ሆኗል። ዘንቢሉን ከበሩ አጠገብ አዘጋጅቻለሁ። እንደገና ግንባራችንን መሬት ስናስነካ ውሮ ወደ ሳፋው ሲገባ ሰማሁት። አሸዋውን ጫረ። ሁለታችንም እንደ ተደፋን ቀረን፤ ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ድምፁ መጣ። ሽንት አሸዋ ላይ ሲወርድ፣ ሳይቆራረጥ፣ ረጅም።

«ሸና!» አለች እትዬ ግንባሯ መሬት ላይ እንዳለ። ያንን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ቀና ብላ «ሸና! ሸና እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ተነሥታ ወንፊቱን ነጠቀችኝ፤ ራሷ አጣራችው። «ይሄ ሎሚ ነው እንዴ? ትርንጎ ነው እንጂ!»

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ወተቱን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ተልባውንም የጋትኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ሳምንት እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው።»

«እኔስ?» አልኳት። «ጥሙን ጾም ብዬ በማኅበር ፊት የተኩራራሁት ማን ሆኖ ነው?» ተቃቅፈን አለቀስን። ውሮ በመሀላችን አልፎ ወደ መረቁ ሄደ።

ወደ ማታ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በደጃችን ሲያልፍ ጎረቤታችን ከሦስት የማኅበር ሴቶች ጋር መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ምነው፣ ዛሬ አላየናችሁም? ቲቸርስ እሺ፤ እትዬ በስቅለት?»

እትዬ ቀደመችኝ። ነጩን ቀሚሷን እንደ ለበሰች፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ ወጣች። «ድመታችን ሽንት አልወጣው ብሎ ሲጨነቅ ስለዋለ እሱን ስናስታምም ነበር» አለች። «በዶሮ መረቅ ሸናልን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እርጥብ ምግቡን የከለከልነው እኛ ነበርን፤ ያዳነችው ይህቺ እህቴ ናት። አሁን በጉን ከበረንዳው አንሥተሽ ወዲያ እሰሪልን፤ ልጁ በሰላም ይሽና።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጎረቤታችን «እሺ እትዬ» ብላ በጉን ልትፈታ ሄደች።